ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ወንድሜ ኩላሊት ተተክሎለት፣ ሆስፒታል ውስጥ ባክቴሪያ ያዘው»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወንድሜ የእህታችን ኩላሊት ከተተከለለት ሦስት ሳምንት ሆነው። ገና ሆስፒታል ነው፤ የማስታምመው እኔ ነኝ። ሰሞኑን ብርድ ብርድ አለውና አተኮሰው። የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ተሠርቶ «ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ሴፍትሪያክሶን የሚባለው አንቲባዮቲክ አይነካውም» ተባልን። ሜሮፔኔም የሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ ተጀመረለት። ሊድን በገባበት ቤት እንዴት ይታመማል? ዘመዶች ደግሞ «መከላከያውን ያዳከመው የንቅለ ተከላው መድኃኒት ስለሆነ ይቁምለት» እያሉ ነው።

መልስ፦ ከዘመዶችዎ ሐሳብ ልጀምር፤ አጣዳፊው እሱ ነው። መድኃኒቱን በራሳችሁ እንዳታቆሙት። ሰውነቱ የእህቱን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃው የያዘው ያ መድኃኒት ነው። ኢንፌክሽኑ ከጠና ሐኪሞቹ ከንቅለ ተከላው መድኃኒቶች አንዱን ሊቀንሱ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜ ማይኮፌኖሌት የሚባለውን። ያንን የሚያደርጉት ግን ክሪያቲኒኑን (የኩላሊቱን ሥራ የሚያሳየውን የደም ምርመራ) እና በደሙ ያለውን የታክሮሊመስ፣ የሌላውን የንቅለ ተከላ መድኃኒት፣ መጠን እያዩ ነው።

በመጀመሪያው ወር የሚመጡት ኢንፌክሽኖች በአብዛኛው ከቀዶ ሕክምናውና ከሆስፒታሉ ጋር የተያያዙ ናቸው። ቁስሉ አለ፣ የደም ሥር ቱቦ አለ፣ የሽንት ቱቦ አለ። ኩላሊት ለተተከለላቸው ሰዎች ከሁሉም የሚበዛው የሽንት ኢንፌክሽን ነው። አዲሱ ኩላሊት ከፊኛ ጋር ሲገናኝ ብዙ ጊዜ ስቴንት የምትባል ቀጭን ቱቦ ውስጥ ትቀራለች። ከሳምንታት በኋላ ትወጣለች፤ እስከዚያ ግን ባክቴሪያ ሊጣበቅባት ይችላል።

ክሌብሲየላ በጤነኛ ሰው አንጀትም ይኖራል። የሆስፒታሉ ግን ብዙ መድኃኒት አይቶ የተረፈ ነው። በየዋርዱ ሴፍትሪያክሶን ያልተሰጠው ተኝቶ ታካሚ ማግኘት ይከብዳል። ትንሽ አጋነንኩ፣ ብዙም አይደለም። ሜሮፔኔም ለእንዲህ ዓይነቱ ባክቴሪያ የሚመረጥ መድኃኒት ነው። ትኩሳቱ ቶሎ ቢለቀውም የታዘዘለትን ይጨርስ።

የሰው ጥፋት ነው ወይ ለሚለው፣ ከዚህ ሆኜ አልፈርድም። በደንብ በተደራጀ ሆስፒታልም ይደርሳል። ግን ባክቴሪያው ከአልጋ ወደ አልጋ በአብዛኛው የሚሄደው በእጅ ነው። የሐኪሙም፣ የነርሷም፣ የእርስዎም እጅ።

ዋርድ ስዞር ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። በሽተኛው ሊነሳ ሲል አስታማሚው የሽንት ከረጢቱን አንስቶ አልጋው ላይ፣ እግሩ መሃል ያስቀምጥለታል። በደግነት ነው። ያኔ ግን በቱቦው ያለው ሽንት ወደ ፊኛው ይመለሳል። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ወለል ግን አይንካ። ሲደፉትም የጎረቤት በሽተኛ የተጠቀመበትን ዕቃ አይዋሱ፤ የከረጢቱ አፍ ዕቃውን እንዳይነካ። ከመንካትዎ በፊትም በኋላም እጅዎን ይታጠቡ። ጠዋት ጠዋት «ቱቦው ዛሬም ያስፈልገዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል።

ተቅማጥ ከጀመረው ዛሬ ነገ ሳይሉ ይናገሩ። አንቲባዮቲክ የሚያመጣው አንድ የተቅማጥ ባክቴሪያ አለ፤ እሱን ሳኒታይዘር አይገድለውም። ሳሙናና ውሃ ነው መፍትሔው።

ጠያቂ ይቀንስ። ጉንፋን የያዘው ሰው አይግባ፤ መሳሳሙም ለጊዜው ይቅር። ቅር የሚለው ዘመድ ካለ «ሐኪሙ ከልክሏል» ይበሉና በእኔ ያላክኩ።

ቤት ከገባ በኋላ የሙቀት መለኪያ ይኑራችሁ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂድ። ከንቅለ ተከላው መድኃኒቶች ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የሚወስድ ከሆነ ትኩሳቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ሽንቱ ከቀነሰ፣ የተተከለበት ቦታ ካመመው ወይም ካለወትሮው ከደከመው ትኩሳት አይጠብቁ። በሌላ በኩል፣ ምንም ሳያመው በቀጠሮ የሽንት ምርመራ ባክቴሪያ ቢገኝ ሁልጊዜ አይታከምም፤ ያለ ምክንያት የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ለመድኃኒት የማይበገረውን ያበዛል።

ፋርማሲ ሄዶ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት መግዛት ግን ለእሱ ቀርቷል። ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ታክሮሊመስን በደሙ ውስጥ ከፍ ያደርገዋል፣ ሪፋምፒሲን የሚባለው ሌላው አንቲባዮቲክ ያወርደዋል፣ የሕመም ማስታገሻዎቹ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ለራስ ምታትም ቢሆን መጀመሪያ የንቅለ ተከላ ክሊኒኩን ይጠይቁ።