ለአንድ ሰው የምትነሳ መኪና

ልጆቼ፣

ሹፌር የሌላት መኪና ቪዲዮ በላካችሁልኝ ቁጥር «ጋሼ፣ ዘመኑ መጣ!» ትሉኛላችሁ። ዘመኑስ ከመጣ ቆየ። በአሜሪካ፣ በዌስት ቨርጂኒያ፣ ሞርጋንታውን በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ ሹፌር አልባ ትንንሽ መኪኖች ሕዝብ ማመላለስ የጀመሩት በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። ፒ.አር.ቲ. («ፐርሰናል ራፒድ ትራንዚት»፣ የግል ፈጣን መጓጓዣ እንደማለት) ይሏቸዋል።

ያየኋቸው ከዋሽንግተን ሦስት ሰዓት ከምናምን ነድቼ ሄጄ ነው። በጎማ፣ በኤሌክትሪክ፣ ለራሳቸው በተሠራ የኮንክሪት መንገድ ይሄዳሉ። 8 ሰው ይቀመጣል፣ 12 ይቆማል። በረዶ እንዳይዘው መንገዱ ሥር ሙቅ ፈሳሽ የሚያልፍባቸው ቱቦዎች ተቀብረዋል። (መንገድ ማሞቅ ርካሽ እንዳይመስላችሁ!) ጣቢያዎቹ 5 ናቸው። ከዋናው መስመር ገባ ብለው ስለተሠሩ መኪናዋ የማትወርዱበት ጣቢያ ላይ ሳትቆም ታልፋለች።

እኔን የያዘችኝ ግን መግቢያው ላይ ያለችው ቁልፍ ናት። የምትሄዱበትን ትጫናላችሁ። ሰው በሚሳሳበት ሰዓት ኮምፒውተሩ ሁለት ነገር ይቆጥራል። ወደዚያው የሚሄድ ሰው 15 ያህል ከደረሰ መኪና ይልካል። ካልደረሰም 5 ደቂቃ ያህል ጠብቆ ይልካል። ብቻችሁን ብትሆኑም።

የመጀመሪያዋን ቁጥርማ እናውቃታለን። መገናኛ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ፣ ወያላው «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ሦስት ሲያስገባ ያላረረ ማን አለ? ያልጨመርናት ሁለተኛዋን፣ ደቂቃዋን ነው። በወያላው አልፈርድም። ነዳጁም የባለንብረቱ ገቢም የሚወጣው ከዚያችው መቀመጫ ነው። የሞርጋንታውኗን የሚያስተዳድራት ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ለአንድ ሰው ብትነሳ የዕለት ሂሳብ የሚጠይቃት የለም።

ደግሞም ወያላው ገንዘብ ብቻ አይቀበልም። አሮጊቷን ጋቢና ያስቀምጣል፣ ሰካራሙን ያስወርዳል። እሱ በሌለበት ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ማታ፣ ከማታውቁት ሰው ጋር በር ሲዘጋባችሁ ምን ይሰማችኋል? ለንደን፣ ሄትሮው ኤርፖርት ያሉት ሹፌር አልባ ትንንሽ መኪኖች፣ ፖዶች የሚሏቸው፣ 4 ሰው ነው የሚይዙት፤ አብረው የመጡት አብረው ይገባሉ፣ ከሻንጣቸው ጋር። የመኪናዋን መጠን ስትወስኑ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥም እየወሰናችሁ ነው። ይሄ ደግሞ ትምህርት ቤት አልተነገረኝም።

የጋራ ጉዞ ሶፍትዌር የምትጽፉ ከሆነ እንግዲህ መጀመሪያ የምለምናችሁ ያቺን ደቂቃ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢቆም እስከ ስንት ደቂቃ? ቁጥሩን ጻፉት፤ ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ይምጣ።

እኔ አልጻፍኩትም ነበር። ወጣት ሳለሁ አሜሪካ የአውቶቡስ መርሐ ግብር አወጣ ነበር። የአንድ መስመር የመጨረሻ የማታ ጉዞ በአማካይ ሁለት ሰው ብቻ ይዞ ነበር የሚሄደው። ሰረዝኩት። አለቆቼም ጎበዝ አሉኝ። ከወራት በኋላ መኪናዬ ተበላሽታ እዚያው ፌርማታ ላይ መሸብኝ። አንዲት የአገሬ ልጅ፣ የጽዳት ሠራተኛ፣ የሥራ ጫማዋን በፌስታል አንጠልጥላ መጣች። «ወንድሜ፣ አትጠብቅ» አለችኝ። «ድሮ በዚህ ሰዓት አንድ ነበረች፤ አጠፏት።»

አብረን በእግር ሄድን። ያጠፋኋት እኔ መሆኔን ግን አልነገርኳትም።