«ካርዱን በዱቄት እጄ ይዤ ቁጥሩን አነበብኩለት»

ለተከበሩ እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን የምታነብልኝ ትልቋ ልጄ ናት። ይህን ደብዳቤ ግን እሷም እንዳታየው ተደብቄ ነው የምጽፈው።

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ትንሽ ምሳ ቤት አለችኝ። የምሠራው ዓሣ ነው፤ ጥብስ፣ ጉላሽ፣ ዱለት። ባለቤቴ በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ሰው ያመላልሳል። እንግዳ ከቀነሰ ወዲህ ጀልባው ከሚሠራበት ቀን የሚቆምበት ይበልጣል። መስከረም ላይ ደግሞ ሞተሩ ተበላሸ። እሱን ሳንጨርስ የምሳ ቤቱ አከራይ «ከጥር ጀምሮ የስድስት ወር ኪራይ ቅድሚያ ካልከፈላችሁ ልቀቁ» አለን። ልጄ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ችግር ሲመጣ ተያይዞ ነው የሚመጣው።

ዕቁብ እጥላለሁ። በሳምንት 3,000 ብር፣ 40 ሰው ነን። እግዜር ረድቶኝ በ9ኛው ሳምንት ዕጣው ለእኔ ወጣ፤ 120,000 ብር። ጎረቤቴ ዋስ ሆና ፈረመችልኝ። ከዚያ ላይ 34,000 ብር ለሞተሩ ማሠሪያ ሰጠሁና ቀሪውን 86,000 ለኪራይና ለፍሪጅ ብዬ ባንክ አስገባሁት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ጾመ ነቢያት ገብቷል፤ የምሳ ሰዓት ስለሆነ ቤቱ ሞልቷል። እጄ ዱቄት በዱቄት ነው፤ ዘይቱ ውስጥ ሁለት ቆሮሶ እየተጠበሰ ነው። ስልክ ተደወለ። ሰውዬው ስሜን እስከ አያቴ ጠራኝ። «ከባንክ ነው የምደውለው፤ ሒሳብዎ ከፋይዳ ጋር ስላልተሳሰረ ዛሬ 8 ሰዓት ላይ ይዘጋል» አለኝ። ጨዋ ነው፤ አይቸኩልም፤ ከኋላው የሌሎች ሰዎች ድምፅ ይሰማል። ባንኩም ፋይዳ አምጡ ሲለን ስለከረመ አልተጠራጠርኩም። ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ፣ ካርዱን ከቦርሳዬ አውጥቼ በሁለት ጣቴ ይዤ፣ 16ቱን ቁጥር አንድ በአንድ አነበብኩለት። ጊዜው የሚያልፍበትን ቀንም ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «አሁን መልእክት ይደርስዎታል፤ ውስጡ ያለውን ቁጥር ይንገሩኝ» አለ። ነገርኩት። ሁለተኛ መጣ፤ እሱንም ነገርኩት።

ብሩ በሦስት ጊዜ ወጣ። 30,000፣ 30,000፣ ከዚያ 25,500። 500 ብር ቀረችኝ። ዓሣው ዘይቱ ውስጥ አሮ ነበር፤ ደንበኛ ጠርቶ ነው ያነቃኝ።

መልእክቱ የመጣው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ እንግሊዝኛ አላነብም። ማታ ልጄን እንደዋዛ «ይኼ ምን ይላል?» ብላት «ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ ነው የሚለው» አለችኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም።

ሰኞ ባንክ ሄድኩ። መስኮት ላይ ያለው ልጅ ኮምፒውተሩን አየና «ራስሽ ነሽ የሰጠሻቸው፤ እኛ ምን እናድርግሽ?» አለኝ። ካርዱን ዘጋልኝ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር፤ ሁሉም የሰሙኝ መሰለኝ። አፍሬ ወጣሁ።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። የሁለቱን ሳምንት ዕቁብ ከምሳ ቤቱ ገቢ ከፈልኩ፤ ሦስተኛውን ከእህቴ ተበድሬ። ገና 28 ሳምንት ይቀረኛል። አንድ የማውቀው ሰው 50,000 ብር በወር 10 ከመቶ ሊያበድረኝ ተስማምቷል። በቴሌግራም ደግሞ የተሰረቀ ገንዘብ አስመልሳለሁ የሚል ሰው አግኝቼ፣ ለማስጀመሪያ 5,000 ብር ሰኞ እንድልክለት ነግሮኛል። ብሩን አጠራቅሜ ይዣለሁ።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ አያውቅም። ማታ ማታ «ያቺን ብር እንዳትነኪያት፤ የኪራይ ናት» ይለኛል። «እሺ» እለዋለሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እጁን አንሥቶብኝም አያውቅ። ሲከፋው ግን ዝም ይላል፤ እኔ የምፈራው ያንን ዝምታ ነው። ምን ላድርግ?

ከሽምብጥ

*

እህቴ፣

በዕድሜ ታላቅሽ ሳልሆን አልቀርምና አንቺ ልበልሽ።

ከሁሉ በፊት የሰኞውን፣ ጊዜ አይሰጥምና። 5,000 ብሩን ለዚያ ሰው እንዳትልኪ። ገንዘብ አስመላሽ ነኝ የሚለው ሰው ሁለተኛው ሌባ ነው። አንዴ የተታለለ ሰው ስልክ ቁጥር በእነሱ ዘንድ ከእጅ እጅ ይዞራል፤ የተጎዳ ሰው ተስፋ የሚሰጠውን ሁሉ እንደሚከተል ያውቃሉና። ባንክም ሆነ ፖሊስ ገንዘብሽን ላስመልስልሽ ብሎ በቴሌግራም ክፍያ አይጠይቅሽም። ቁጥሩን ዝጊው፤ የጻፈልሽን ግን አታጥፊው፤ ለፖሊስ ታሳዪዋለሽ።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። «አፍሬ ወጣሁ» የምትለው ቃል አላሳልፍ አለችኝ። እህቴ፣ ያ የደወለልሽ ሰው ሥራዬ ብሎ ነው የያዘው። የቅዳሜን ምሳ ሰዓት የመረጠው እጅሽም ሐሳብሽም እንደማይፈታ ስለሚያውቅ ነው። ስምሽን ከነአያትሽ ይዞ ነው የደወለው። ውሸቱን የተከለው እውነት ላይ ነው፤ ሒሳባችንን ከፋይዳ ጋር አስተሳስሩ መባላችን እውነት ነውና። በዚህ መንገድ የተማረም፣ ባንክ ውስጥ የሚሠራም ሰው ይታለላል። ያንቺን ጥፋት ከፈለግን አንድ ብቻ ናት፤ ቁጥሩን መንገርሽ። እሷንም ቢሆን «አትስጪ» የሚለው ቃል በማታነቢው ቋንቋ ነው የተላከልሽ። ይህ ከልቤ ያናድደኛል። ሽምብጥ ላይ ዓሣ ለምትጠብስ ሴት ማስጠንቀቂያውን በአማርኛ መላክ ምን ይከብዳል? ማመልከቻሽ ውስጥ ይህንንም ጻፊው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የተቋጠረው እዚያ ነው።

የጻፍሻቸውን ቁጥሮች ወረቀት ላይ አስቀምጬ አየኋቸው። ከ120,000ው ሌባ የወሰደው 85,500 ብር ነው። 34,000ው ግን አልጠፋም፤ ጀልባው ላይ ሞተር ሆኖ እየሠራ ነው። ያ ሞተር የተነሣው በዕቁብሽ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ዕቁብ ምሳ ቤቷ ብቻዋን ልትሸከመው አትችልም፤ ገና ካለፈ በኋላ እስከ ሁዳዴ ድረስ የዓሣ ገበያሽ እንደሚቀንስ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ያን ጊዜ ሊያግዝሽ የሚችለው ጀልባው ነው። ጥር ደርሷል፤ ጥምቀት አለ፣ አስተርዮ ማርያም አለች፣ ጥርን በባሕር ዳር ብሎ የሚመጣ እንግዳ አለ፣ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሊሳለም የሚሻገር ምዕመን አለ። እንግዳው እንደ ድሮው ባይሆንም ለጀልባ ሰው ከጥር የተሻለ ወር የለም። ባለቤትሽ ግን ዕዳ መኖሩን አያውቅም። ኪራዩ ባንክ ተቀምጧል ብሎ ስለሚያምን የጥርን ገቢ ለነዳጅ፣ ለጀልባው ቀለም፣ ለልጅቱ ልብስ ይመድበዋል። ዝም ባልሽ ቁጥር ያቺን አንድ ወር እያስመለጥሽው ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ንገሪው። ልጆቹ ሲተኙ፣ እራቱን ከበላ በኋላ። ብሩ መውጣቱን የሚያሳዩትን ሦስቱን መልእክት ስልክሽ ላይ ክፈቺና «የምነግርህ ነገር አለ፤ እስክጨርስ ስማኝ» በይው። መቼ፣ ስንት፣ እንዴት እንደወጣ፣ ምን እንደከፈልሽ፣ ምን እንደቀረ ንገሪው። ለመታለልሽ ይቅርታ አትጠይቂ። ይቅርታ የሚገባው ሦስት ሳምንት «እሺ» እያልሽ ስላሳደርሽው ነው፤ ለእሱ ይቅር በለኝ በይ። ዝም ካለ ተዪው፤ ዝም ያለ ሰው ሁሉ ተቆጥቷል ማለት አይደለም፤ እያሰላም ይሆናል። አፌ አይፈታም ካልሽ የነፍስ አባታችሁን ወይም እሱ የሚያከብረውን አንድ ትልቅ ሰው አስቀምጪ። ግን ከዚህ ሳምንት አታሳልፊው።

ባንኩን በተመለከተ፣ መስኮት ላይ ያለ ልጅ የተናገረው የባንኩ መልስ አይደለም። ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጻፊ፤ አንዱን ስጪ፣ አንዱ ላይ መቀበላቸውን በማኅተም አስመቺና ያዢ። ሦስቱ ዝውውሮች ወደየትኛው ሒሳብ እንደሄዱ የሚያሳይ ስቴትመንት ጠይቂ፤ የተቀባዮቹ ሒሳብ እንዲታገድም ጠይቂ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ሰው የካርድ ቁጥርና በስልክሽ የመጣ ኮድ የጠየቀው ብዙ ጊዜ እንደሚደረገው የአንቺን ሞባይል ባንኪንግ በራሱ ስልክ ላይ ሊከፍት ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ የካርዱ መዘጋት ያንን አይዘጋውም። «በስሜ የተከፈተ ሞባይል ባንኪንግ ካለ ዝጉልኝ» ብለሽ በግልጽ ጠይቂ፤ እስኪያረጋግጡልሽ ድረስ በዚያ ሒሳብ አምስት ሳንቲም አታስገቢ። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥርሽንም ቀይሪው።

ስቴትመንቱን ይዘሽ ክፍለ ከተማሽ ፖሊስ ጣቢያ አመልክቺ። የደወለልሽን ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ መልእክቶቹን አሳዪ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ወንጀል አድርጎታል፤ «ተራ ስልክ ነው» ቢሉሽ አዋጁን ጥሪ። ባንኩ የማያጠግብ መልስ ከሰጠሽ ለብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ትችያለሽ፤ ያ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ የሚያስፈልግሽ ያን ጊዜ ነው። ገንዘቡ ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽሽም። ሦስት ሳምንት ረጅም ነው፤ እንዲህ ያለ ብር በገባበት ሰዓት ከኤቲኤም ወጥቶ ያልቃል። አመልክቺ የምልሽ ስምሽ ከነገሩ እንዲጠራ፣ ያ ሒሳብ ሌላ ሰው ሳይጎዳ እንዲያዝ፣ ለባለቤትሽም ለዕቁቡም የምታሳዪው ወረቀት እንዲኖርሽ ነው።

ስለ ዕቁቡ ትንሽ ላውራሽ፣ ያደግሁበት ነገር ነውና። እናቴ ቅዳሜ ገበያ የበርበሬ ነጋዴዎች ዕቁብ ሰብሳቢ ነበረች። ጠርዙን በርበሬ ያቀላው አንድ ሰማያዊ ደብተር ነበራት። ያልከፈለ ሰው ስም አጠገብ ሁለት ዓይነት ምልክት ታደርግ ነበር። ሳይከፍል ግን መጥቶ ለተናገረ ነጥብ፤ ሳይናገር ለቀረ መስመር። ነጥብ ያለበትን ሰው የዕቁቡ ዳኛ አስጠርቶ ያነጋግረዋል፤ ለጥቂት ሳምንት ግማሹን እንዲከፍል፣ ጉድለቱን ሌላ አባል እንዲሞላለትና በኋላ እንዲመልስ ያደራድራል። ቀሪው ሰው የራሱን ዕጣ በሙሉ ማግኘት ስላለበት ጉድለቱ መሞላቱ የግድ ነው፤ ሆኖም መንገድ ይገኛል። መስመር ያለበት ሰው ሲሆን ግን ቀጥታ ዋሱ ነው የሚጠራው። አንዲት በጣም የምንወዳት ሴት ስሟ አጠገብ መስመር አስደረገች፤ ዋሷ ከአንድ ዕቃ ጋሪ በቀር የሌላት መበለት ነበረች። እናቴ የዚያን ቀን ደብተሩን ዘግታ ያለቀሰችው ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

አንቺ እስካሁን አንድ ሳምንት አላጓደልሽም። መናገር ያለብሽ አሁን ነው። ለባለቤትሽ በነገርሽ ማግስት፣ ከዳኛው በፊት፣ ቤቷ ሄደሽ ለዋስሽ ንገሪያት። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የእሷ ነው፤ ከሌላ ሰው አፍ ከሰማችው ብሩን ብትከፍዪም እሷን ታጫታለሽ። ከዚያ ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ ዳኛውንና ሰብሳቢውን አነጋግሩ። የቀረብሽ 28 ሳምንት 84,000 ብር ነው። «በዚህ ወር ይህን ያህል፣ ጥር ላይ ይህን ያህል እንችላለን» የሚል ቁጥር ይዛችሁ ግቡ። አከራዩንም በስድስት ወር ፈንታ የሦስት ወር እንዲቀበል ጠይቁት። ፍሪጁ ይቆይ።

የዚያ ሰው ብድር አራጣ ነው። 50,000 ብር በወር 10 ከመቶ ማለት በየወሩ 5,000 ብር፣ በዓመት 60,000 ብር ወለድ ከፍለሽ ዋናው 50,000 እንዳለ ይጠብቅሻል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግለሰብ ለግለሰብ ሲያበድር ወለዱ በዓመት ከ12 ከመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ ይህ ሰው አሥር እጥፉን ነው የጠየቀሽ። የወንጀል ሕጉም አራጣን ይቀጣል። የግድ ብድር ካስፈለገ ለምሳ ቤቷ ሥራ ከአነስተኛ ብድር ተቋም ጠይቁ፤ ያም ቢሆን ከባለቤትሽ ጋር ተማክራችሁ፣ ዳኛውን ካነጋገራችሁ በኋላ ይሁን።

ያጠራቀምሻት 5,000 ብር አሁን ቦርሳሽ ውስጥ ናት። እሑድ ዕቁቡ ሲሰበሰብ 3,000ዋን ለዚህ ሳምንት ክፈይ፤ 2,000ዋን ደግሞ «የሚቀጥለው ሳምንት ቅድሚያ» ብለሽ ሰብሳቢው ደብተሩ ላይ እንዲጽፍልሽ አድርጊ።