«ወደ ነፃው ስቴት እንሂድ ስላት ባለቤቴ እምቢ አለችኝ»

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 46 ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ 19 ዓመት ኖሬያለሁ። የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፤ ሦስት ሳምንት መንገድ ላይ እሆናለሁ፣ ከዚያ አምስት ስድስት ቀን ቤቴ። ባለቤቴ ነርስ ናት። የ16 ዓመት ሴት ልጅና የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። የነፃነት አገር ነው ተብሎ መጣን፤ እኔ ግን ነፃነት አላየሁም። ታክሱ ያንቃል፤ የሐበሻው ወሬም ያንቃል። ለቅሶ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፤ ቅዳሜና እሁድ የሚባል ነገር የለኝም። የወንድሜ ልጅ ለሁለት ሳምንት ብሎ መጥቶ ቤዝመንታችን ውስጥ ስምንት ወር ሆነው። ውጣ ካልኩት አገር ቤት ምን ይሉኛል? ሁለት ዓመት አጥንቼ ቴክሳስን፣ ኒው ሃምፕሻየርን፣ ፍሎሪዳን፣ ኔቫዳንና ቴነሲን በ11 መስፈርት አወዳደርኩ። ልቤ ያለው ቴክሳስ ላይ ነው። ጭነት ይዤ ዳላስ ስገባ ሁለት ቤት አይቻለሁ፤ ለባለቤቴ ገና አልነገርኳትም። ስለ መሄድ ሳነሳባት ‹እኔ እዚህ ሰው አለኝ› ብላ ወሬውን ትዘጋዋለች። ፈሪ ናት። የትኛው ስቴት ይሻለኛል? እሷንስ እንዴት ላሳምናት?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

አብረው የላኩትን ሰንጠረዥ በደንብ አየሁት። የተደከመበት ነው፤ የጻፉትም አብዛኛው ትክክል ነው። አምስቱም ስቴቶች ከደመወዝ ላይ የገቢ ታክስ ከማይወስዱት ዘጠኙ ውስጥ ናቸው። ኒው ሃምፕሻየር በወለድና በትርፍ ድርሻ ላይ የነበረውን ታክስ ሳይቀር ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ አንስቷል፤ አዋቂ ሰው የመኪና ቀበቶ እንዲያስር የማያስገድደውም እሱ ብቻ ነው። ቴክሳስ ቤቱ የሚማርን ልጅ የግል ትምህርት ቤት ተማሪ አድርጎ ስለሚቆጥር ወላጅ ፈቃድ መጠየቅ የለበትም። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ወዲህም ሕግ የማይከለክለው 21 ዓመት የሞላው ሰው ያለ ፈቃድ ወረቀት ሽጉጥ መያዝ ይችላል።

ግን ሽጉጥ መግዛት እንደሚፈልጉ የትም አልጻፉም። ልጆችዎን ቤት ለማስተማር ስለማሰብዎም አላነበብኩም፤ በወር ሃያ አንድ ቀን መንገድ ላይ ያለ አባት መቼ ሊያስተምር? ቀበቶውንም ቢሆን የንግድ መኪና ሹፌር በየትኛውም ስቴት የማሰር የፌዴራል ግዴታ እንዳለበት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ብዙዎቹ መስፈርቶች እርስዎ የማይጠቀሙባቸው ነፃነቶች ናቸው። ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ የማይጠቀምበትን ነገር ሲቆጥር ከኖረ፣ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ታክሱ እውነተኛ ነው፤ ስለዚህ በአጭሩ ልመልስልዎ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚኖሩ ባልና ሚስት ታክስ የሚታሰብበት ገቢያቸው 130 ሺህ ዶላር ቢሆን ለስቴቱ 4.75 በመቶ ገደማ፣ ለካውንቲው 3.2 በመቶ ይከፍላሉ፤ በዓመት 10 ሺህ ዶላር ያልፋል። ቴክሳስ ይህን አይወስድም። ዳላስ ዙሪያ ባሉ ብዙ ከተሞች ግን የቤት ታክሱ ተደምሮ፣ ለነዋሪ የቤት ባለቤት የሚሰጠው ቅናሽ ሳይነሳለት፣ ከቤቱ ግምት 2 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ከለመዱት በጣም ይበልጣል። የሚዘንበው የበረዶ ድንጋይ ጣሪያ የሚሰብርበት አገር ስለሆነ የቤት ኢንሹራንሱም ውድ ነው። ትርፍ ሊኖረው ይችላል፤ እርስዎ በሰንጠረዡ የጻፉትን ያህል ግን አይሆንም። የጤና ኢንሹራንሳችሁ በማን በኩል እንደሆነም አልጻፉም። በባለቤትዎ መሥሪያ ቤት በኩል ከሆነ፣ እሷ ሥራ ስትለቅ ኮብራ በሚባለው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 18 ወር ማስቀጠል ይቻላል፤ አሠሪዋ ይከፍል የነበረውን ድርሻ ጨምሮ እስከ 102 በመቶ የምትከፍሉት ግን እናንተ ናችሁ።

አሥራ አንድ መስፈርት አለ፤ እሷን የሚመለከት ግን አንድም የለም። የነፃነትን ሰንጠረዥ ሴት ብትሠራው ሌላ መልክ ይኖረዋል። ሽጉጥን ያለ ወረቀት የፈቀደው ቴክሳስ ከ2022 ጀምሮ ፅንስ ማቋረጥን ከሞላ ጎደል ከልክሏል። በጉዳዩ ላይ እምነትዎ ምንም ይሁን ምን፣ ነርስ የሆነች እናትና 16 ዓመት የሞላት ልጅ ባሉበት ቤት ‹ነፃ ስቴት› የሚለው ቃል ለሁሉም አንድ ትርጉም የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ‹ያንቃል› የሚለውን ቃል አንዴ ለታክስ፣ አንዴ ለሰው ተጠቅመውበታል። ታክሱን በሁለት ቃል ጽፈው አለፉት፤ ስለ ሰው ሲጽፉ ግን ብዕርዎ አልቆም አለ። የወንድምዎ ልጅ ስምንት ወር ሆነው ብለዋል፤ ‹ነገርኩት› የሚል ግን የትም የለም። ያለው ‹ምን ይሉኛል› የሚል ነው።

ለዚህ ነገር ይሉኝታ የሚል ቃል አለን። ቃሉን ልብ ብለው ይዩት፤ ‹ይሉኛል› ከሚለው የወጣ ነው። የሚሉት ሰዎች አዲስ አበባ ወይም እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ናቸው፤ የሚሰማው ጆሮ ግን የእርስዎ ነው፣ ጆሮ ደግሞ ስቴት ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ይሉኝታን አልረግምም። ሐዘንተኛን ብቻውን የማይተው፣ አዲስ መጤን ሜዳ ላይ የማይጥል እሱ ነው፤ እርስዎም ከ19 ዓመት በፊት ሲመጡ የሆነ ሰው ቤዝመንት ውስጥ ሳያድሩ አልቀሩም። የሚጎዳው ‹አይሆንም› የሚለውን ቃል ከአፍ ሲነጥቅ ነው። ‹አይሆንም› ማለት ያቃተው ሰው እሺ ብሎ ውስጥ ውስጡን ይቃጠላል፤ ሲብስበት ደግሞ መጥፋት ያምረዋል። እርስዎ እሺ ሲሉ ኖረው አሁን መጥፋት አማረዎት። ቴክሳስን የሚፈልጓት በእርስዎ ፋንታ ‹አይሆንም› እንድትልልዎ ይመስለኛል። ከቴክሳስ ሆኖ ‹ሩቅ ነኝ፣ አልችልም› ማለት ይቻላል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሆነው ‹ቅርብ ነኝ፣ እችላለሁ፣ ግን አይሆንም› ማለቱ ነው የከበደዎ። ነፃነት የምለው ሁለተኛውን ነው፤ የትኛውም የስቴት ሕግ አውጪ ሊያጸድቅልዎ አይችልም።

መሬይ ቦወን የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1950ዎቹ እዚያው ሜሪላንድ፣ ቤተዝዳ ውስጥ በብሔራዊው የአእምሮ ጤና ተቋም፣ ከታማሚው ጋር ቤተሰቡንም ሆስፒታል አስገብቶ ያጠና ነበር፤ በኋላ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተማረ። ከዘመዱ ጋር ያለውን ውጥረት በርቀት ወይም በዝምታ የሚያበርድን ሰው ሁኔታ ‹ስሜታዊ መቆረጥ› ሊባል በሚችል ስም ጠራው። እንደ እሱ አባባል ከቤተሰቡ መለየት ያቃተውም፣ ከቤተሰቡ የሸሸውም ያው የታሰሩ ናቸው፤ የሸሸው ሰው ገመዱ ስለረዘመ አልታየውም እንጂ። የሚያሳስበኝ ቀጥሎ ያለው ነው፤ የተቆረጠው ዝምድና ጭነት ሁሉ አብሮ በቀረው ሰው ትከሻ ላይ ይወርዳል። ዳላስ ላይ ያ ሰው ባለቤትዎ ናት።

ይህን ለመፈተን መሄድ አያስፈልግዎትም፤ ፈትነውታል። በወር ሃያ አንድ ቀን ከሲልቨር ስፕሪንግ ውጭ ነዎት። አምስቱንም ስቴት ከእኔ በላይ ያውቋቸዋል። የሚነግርዎት አለቃ እንኳ በስልክ ነው። ርቀት ነፃ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ እስካሁን የነፃ ሰው ደብዳቤ ይጽፉልኝ ነበር። እርስዎ በሌሉበት ሃያ አንድ ቀን ለቅሶ ቤት የሚቀመጠው ማን ነው? የእድሩን መዋጮ የሚያደርስ፣ ለክርስትናው ድፎ ዳቦ ይዞ የሚሄድ፣ ለወንድምዎ ልጅ እራት የሚያቀርብ ማን ነው? ‹የለኝም› ያሉት ቅዳሜና እሁድ ብዙው የእሷ ቅዳሜና እሁድ ነው።

በዚህ ላይ ‹እኔ እዚህ ሰው አለኝ› ያለችዎትን ደግመው ይስሙት። እርስዎ ዋዮሚንግ ላይ ኢንተርስቴት 80 በበረዶ ተዘግቶብዎ ትራክ ስቶፕ ሲያድሩ፣ እሷ ደግሞ የማታ ፈረቃ ሲኖራት፣ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት የሚያመጣው ‹የሐበሻ ወሬ› ያሉት ሰው ነው። ዳላስም ሐበሻ አለ፤ ግን በር አንኳኩቶ ልጅ አደራ የሚባልበትን ሰው ለማፍራት ዓመታት ይፈጃል፤ እርስዎ ደግሞ በእነዚያ ዓመታት መንገድ ላይ ነዎት። ስለዚህ ‹ፈሪ ናት› በሚለው አልስማማም። ነፃነትዎ ምን እንደሚያስከፍል አስልታለች፤ ከፋዩዋም እሷ ናት።

አንድ ነገር በጎን ልጨምር። ኒው ሃምፕሻየርን በሰንጠረዥዎ ሲያስገቡ በነፃነት ስም ወደዚያ ስለሚጎርፉ ሰዎች ጽፈዋል። የነፃ ስቴት ፕሮጀክት በ2001 ተጀምሮ፣ በ2003 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ኒው ሃምፕሻየርን መረጡ፤ በ2016 ወደዚያ ለመሄድ ቃል የገቡት 20 ሺህ ሞሉ። የሐሳቡ መሠረት ምን ነበር ቢሉ፣ አንድ ላይ መሄድ። መንግሥት አይንካን የሚሉት ሰዎች እንኳ መጀመሪያ የፈለጉት ጎረቤት ነው። የእርስዎ ዕቅድ ግን ማንም ወደማያውቅዎ ቦታ መሄድ ነው።

አገር ቀይሮ ደስታን ስለመገመት ደግሞ ዳንኤል ካኔማንና ዴቪድ ሽኬድ በ1998 ያወጡት ጥናት አለ። የካሊፎርኒያና የመካከለኛው ምዕራብ ተማሪዎችን ጠየቁ፤ ሁለቱም ወገኖች ካሊፎርኒያ የሚኖር ሰው ይበልጥ ይደሰታል ብለው ገመቱ፤ ስለ ራሳቸው ሕይወት ሲጠየቁ ግን እርካታቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ሩቅ ሆነን ስናስብ የሚታየን ልዩነቱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ሁለቱን ቤቶች ለባለቤትዎ አለመንገርዎ ለወንድምዎ ልጅ ዝም ከማለትዎ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ለእሱ ‹አይሆንም› አላሉትም፤ ለእሷ ደግሞ ‹እፈልጋለሁ› አላሏትም። ቃሉ ይለያያል እንጂ የሚያስፈልገው ድፍረት አንድ ነው። እስከዛሬ እሷን ስለማሳመን ነበር ያሰቡት፤ ጠይቀዋት ያውቁ እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ምን ይደረግ? ደብዳቤ ብዙ ነገር ስለሚደብቅ የምለውን እንደ መነሻ ብቻ ይያዙት። ከሁሉ በፊት ስለ ቤቶቹ ይንገሯት፣ ሳይፈርሙ። ፈርመው ከሆነም ቴክሳስ ውስጥ ገዢ ትንሽ ገንዘብ ከፍሎ ‹አፕሽን ፔሬድ› የሚባሉ የተወሰኑ ቀናት ሊያገኝ ይችላል፤ በእነዚያ ቀናት ያለ ምክንያት ከውሉ መውጣት ይቻላል፣ ቀኖቹ ግን ጥቂት ናቸው። በጋብቻ ውስጥ የተገዛ ቤት የሁለቱ ነው ብሎ የቴክሳስ ሕግ እንደሚገምትም ይወቁ፤ ሰንጠረዥዎ የረሳትን ሕጉ አልረሳትም።

ቀጥሎ፣ ከመሄድ በፊት ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነው አንድ ‹አይሆንም› ይሞክሩ። ለወንድምዎ ልጅ ቀን ቆርጠው ይስጡት፤ ለምሳሌ 60 ቀን፣ ከተቻለም የመጀመሪያውን ወር የክፍል ኪራይ አግዘውት። አገር ቤት የሚደውለው ሰው ይደውላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ናቸው፣ ከዚያ ወሬው ሌላ ሰው ያገኛል። ይህን ካደረጉ በኋላም ቴክሳስ ካማረዎት፣ ያኔ ሐሳቡን በቁም ነገር እወስደዋለሁ።

ልጅዎ ትምህርቷን እስክትጨርስ ብትታገሱ ይሻላል ባይ ነኝ። የዩኒቨርሲቲ የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት ሜሪላንድም ቴክሳስም 12 ወር ነዋሪነት ስለሚጠይቁ፣ በመሃል ስትንቀሳቀሱ ከሁለቱም ልትወጣ ትችላለች። የባለቤትዎ ሙያ ያን ያህል እንቅፋት አይደለም፤ ሁለቱም ስቴቶች የነርሶች የጋራ ፈቃድ ስምምነት አባላት ናቸው፤ ፈቃዷ ‹መልቲስቴት›፣ ማለትም በአባል ስቴቶች ሁሉ የሚሠራ ከሆነ፣ በእሱ እየሠራች ከሄደች በ60 ቀን ውስጥ የቴክሳሱን ማመልከት አለባት። ሄዳችሁ ማየት ካለባችሁ ሁለታችሁም በኦገስት ሂዱ፣ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ፤ እሷም የራሷን መስፈርት ጽፋ ትምጣ።

ከሁሉ በላይ ሁለታችሁ አንድ ላይ አማካሪ ፊት ተቀመጡ። ዋሽንግተን ዙሪያ በአማርኛ የሚያማክሩ ባለፈቃድ ባለሙያዎች አሉ። በኦንላይን ከሆነ አማካሪው እናንተ በዚያ ሰዓት ባላችሁበት ስቴት የመሥራት መብት ሊኖረው ስለሚገባ፣ ቀጠሮውን ቤት በሚገቡባቸው ቀናት ያድርጉት፤ ከመኪናው ጋቢና ሆነው አይሆንም።

እስከዚያው የዳላሱ ወኪል ከደወለልዎ ‹ባለቤቴን ሳላማክር አልወስንም› ይበሉት። ለእሷ ግን ከእሱ በፊት ይንገሯት፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ሰንጠረዡን ሳያወጡ።