መልስ፦ የኮሌጅ ድርሰት መግቢያው ላይ እየቆመብኝ ተቸገርኩ
መግቢያው አልወጣ ካለሽ ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ የምትከራከሪበትን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። «ማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅምም ጉዳትም አለው» ካልሽ አለቀ፤ ማን ይቃወምሻል? «ክፍል ውስጥ ስልክ መከልከል ተማሪው ራሱን መቆጣጠር እንዳይለምድ ያደርጋል» ብትዪ ግን የሚሞግትሽ ይመጣል፤ ማስረጃም ያስፈልግሻል። ድርሰቱ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።

ከዚያ መካከሉን ጻፊ፤ ለአንድ አንቀጽ አንድ ነጥብ። ጥቅስ ለጥፈሽ አትለፊ፤ ነጥብሽን እንዴት እንደሚደግፍ በራስሽ ቃል አስረጂ። ብዙ ጀማሪ የሚዘለው ይህንን ነው። ባለ 5 አንቀጹ ቅርጽ (መግቢያ፣ 3 ነጥብ በ3 አንቀጽ፣ መደምደሚያ) ለመነሻ አይከፋም፤ 4 ነጥብ ካለሽ ግን በግድ 3 አታድርጊው።

መግቢያውን መጨረሻ ላይ ጻፊ። ሰዋስው ደግሞ ረቂቁ ካለቀ በኋላ ይደርሳል፤ ጮክ ብለሽ ስታነቢው ምላስሽ የሚደናቀፍበትን ቦታ አስተካክዪ።