በትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ስለ መሥራት፦ ጥያቄና መልስ

እንደምን ከረማችሁ። ሐዋሳ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን በውጭ አገር በአንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ ሲስተሞች ሳይቋረጡ እንዲሠሩ በሚከታተል ቡድን የምሠራ መሐንዲስ ነኝ። ከጥያቄው በፊት ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ በኩባንያ ስም ለቅጥር ወይም ለፈተና ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ማንኛውም ሰው አጭበርባሪ ነው።

ጥያቄ (የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ ጋሼ፣ በቀን ስንት ሰዓት ኮድ ይጽፋሉ?

መልስ፦ ከምትገምተው በጣም ያነሰ ነው። አብዛኛው ጊዜዬ የሚያልፈው ሌሎች የጻፉትን በማንበብና ሐሳቤን በጽሑፍ በማስረዳት ነው፤ አንድ መስመር እንኳ ሌላ መሐንዲስ አይቶ ሳያጸድቀው ወደ ዋናው ሲስተም አይገባምና። ሠላሳ መስመር የማይሞላ ለውጥ ብታቀርብ፣ «ባዶ ዝርዝር ቢመጣለት ምን ይመልሳል?»፣ «ቴስቱ (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸው ኮድ) የት አለ?» የሚሉ አስተያየቶች ተደርድረው ይጠብቁሃል፤ እያንዳንዱንም መመለስ ወይም ማስተካከል ግዴታህ ነው። አማዞን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2004 ጀምሮ ከከፍተኛ አመራሩ ስብሰባ ፓወርፖይንትን አስቀርቶ፣ ተሰብሳቢዎቹ እስከ ስድስት ገጽ የሚደርስ ጽሑፍ በዝምታ አንብበው እንዲወያዩ ማድረጉ የታወቀ ነው። ሐሳቡን አጥርቶ መጻፍ የማይችል መሐንዲስ እዚህ ይቸገራል።

ጥያቄ፦ ደመወዙ ስንት ነው?

መልስ፦ የራሴን አልናገርም። ከክፍያው ከፊሉ አክሲዮን ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በ4 ዓመት ተከፋፍሎ ይሰጣል፤ ቀድሞ የለቀቀ ቀሪውን ያጣል።

ጥያቄ፦ የሥራ ዋስትናስ አለው?

መልስ፦ የለውም። ሜታ በ2022 መጨረሻ ከ11,000 በላይ፣ ጉግል በ2023 መጀመሪያ 12,000 ያህል ሠራተኞችን እንደሚቀንሱ አስታውቀዋል።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ሌሊት ሲስተም ቢቋረጥ ማን ይጠራል?

መልስ፦ እህቴ፣ ወደ ሙያዬ መጣሽልኝ። በየቡድኑ ተረኛ አለ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልኩ ሲጮኽ የተረኛው የመጀመሪያ ሥራ ምክንያቱን መመርመር ሳይሆን ጉዳቱን ማስቆም ነው፤ በቅርቡ የገባ ለውጥ ካለ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል፣ ካልሆነም ሥራውን ወደ ሌላ የመረጃ ማዕከል (ሲስተሙን የሚያሠሩ ኮምፒውተሮች ወደሚገኙበት ሌላ ሕንፃ) ያዞረዋል። ነገሩ ከከፋ አንድ ሰው ይመራል፣ ሌላው የሚሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዘግባል። ሲስተሙ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ሰውን የማይወቅስ የአደጋ ሪፖርት ይጻፋል፤ የሙያችን ትልቁ ነገር ይህ ነው።

በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 በሰሜን ቨርጂኒያ የአማዞን የፋይል ማከማቻ ኤስ ስሪ ለሰዓታት ተቋርጦ በእሱ የሚጠቀሙ ብዙ ድረ ገጾች አብረውት ወድቀው ነበር። ኩባንያው ይፋ ባደረገው ሪፖርት መሠረት፣ የሒሳብ አከፋፈል ሲስተሙ ለምን እንደዘገየ ሲመረመር ጥቂት ሰርቨሮችን (አገልግሎቱን የሚሰጡ ኮምፒውተሮችን) ከሥራ ለማውጣት የተሰጠ ትእዛዝ ላይ አንድ ግቤት ተሳስቶ፣ ከታሰበው የበዙ ሰርቨሮች ወጡ። ሪፖርቱ የሠራተኛውን ስም አያነሳም። ትእዛዙን የሚፈጽመው የሶፍትዌር መሣሪያ ሰርቨሮችን ቀስ በቀስ ብቻ እንዲያወጣና ከተወሰነው ዝቅተኛ መጠን በታች እንዳይወርድ መስተካከሉን ግን በግልጽ ይናገራል። የአገልግሎቶቹን ሁኔታ የሚያሳውቀው ገጽ ራሱ በዚያው ማከማቻ ላይ ጥገኛ ስለነበር፣ መቋረጡን በወቅቱ ማሳየት አለመቻሉንም አልደበቁም።

የባንክ አይቲ ሠራተኛ (ከአዳማ)፦ በዚህ አልስማማም። ስም ካልተጠራ ተጠያቂነት ከየት ይመጣል? እኛ ዘንድ ሲስተም ያቋረጠ ሰው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍበታል፤ ከማኅደሩም ጋር ይያያዛል።

ሌላ ተሳታፊ፦ ከደብዳቤው በኋላ እውነቱን ማን ይነግራችኋል? እኔ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት ዳታቤዙ ሲጠፋ ሁሉም «መብራት ሄዶ ነው» ብሎ አለፈው።

የባንክ አይቲ ሠራተኛ፦ ሆን ብሎ የሚያጠፋውስ?

መልስ፦ ሆን ብሎ ያጠፋማ በዲሲፕሊን ይጠየቃል። እኔ የምናገረው በትጋት ሲሠራ ስለተሳሳተ ሰው ነው። እሱ ከደብዳቤው የሚማረው መደበቅን ነው፤ መሣሪያው ካልተስተካከለ ያንኑ ትእዛዝ ነገ ሌላ ባልደረባው ይጽፈዋል፣ ሲስተሙም ዳግም ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ለመቀጠር አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይሻላል ወይስ ሐዋሳ?

መልስ፦ በዚህ አልከራከርም።

ጥያቄ፦ እኔም መግባት እፈልጋለሁ፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ደጋግማችሁ ልካችሁልኛል። በየትኛው ሙያ? እስካሁን የሠራኸውስ ምንድን ነው? ይህን ሳትነግረኝ ልረዳህ አልችልም።

ጥያቄ፦ «ወኪል ነኝ» ያለ ሰው የመመዝገቢያ ገንዘብ ጠየቀኝ፤ ልክፈል?

መልስ፦ አትክፈል። ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት ይህንኑ ነው።

የባንክ አይቲ ሠራተኛ፦ ክርክሩን ልተወውና፣ እንዲህ ያለውን ሪፖርት አለቃዬን ሳላስፈቅድ ልጀምረው እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ። ከአንድ ገጽ በማይበልጥ ጽሑፍ፣ ከክፍልህ ባልደረቦች ጋር፣ በትንሽ ብልሽት ጀምር። የሆነውን በሰዓት ቅደም ተከተል ጻፍ፤ ማን ወይም ምን ችግሩን እንዳሳወቃችሁ፣ እንዴት እንደቆመ፣ የትኛው መሣሪያ ወይም አሠራር መለወጥ እንዳለበትና እስከ መቼ እንደሚለወጥ ጨምርበት። በሰው ስም ቦታ «ተረኛው» በል። ለአለቃህ የምታሳየው ለውጡ ከተሠራ በኋላ ይሁን።