ከ1000 ፍሬ የኪኒን ቆርቆሮ ቀድሞ ስለማሸግና ቅባት ስለመቀመም ለጠየቅሽው

እህቴ ከቆርቆሮው ላይ በ10 እና በ30 ፍሬ ቀድሜ አሽጌ ላስቀምጥ፣ ሳሊሲሊክ አሲድ የሚባለውን የቆዳ መድኃኒትም በቫዝሊን እዚሁ ልቀምም፣ ምን ልጠንቀቅ ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። ጓንቱን ማስኩን ታውቂዋለሽ፣ እኔ የከፈልኩበትን ልንገርሽ።

1. ጠረጴዛው ላይ አንድ መድኃኒት ብቻ። ያንን ጨርሰሽ፣ መቁጠሪያውን ጠርገሽ፣ ቆርቆሮውን መደርደሪያ ላይ ሳትመልሺ ሌላ እንዳትከፍቺ።

2. ሌብሉ ከኪኒኑ ይቅደም። ስሙ፣ ሚሊግራሙ፣ ባች ነምበሩ (አብሮ የተመረተበት ዙር ቁጥር)፣ ኤክስፓየሪው፣ የታሸገበት ቀን፣ ያሸገው ሰው ፊርማ ፖስታው ላይ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው ፍሬው የሚገባው። እኔ ፋርማሲ ከከፈትኩ በሁለተኛው ዓመት፣ የገበያ ቀን፣ ሰው በር ላይ ተሰልፎ፣ ውኃ በሽንት የሚያስወጣውን ፉሮሴማይድ 40 ሚሊግራም እና ስቴሮይዱን ፕሬድኒሶሎን 5 ሚሊግራም አንድ ጠረጴዛ ላይ እያሸግን ነበር፣ ሁለቱም ትንንሽ ነጭ ክብ ኪኒኖች ናቸው፣ ሌብሉን ከምሳ በኋላ እንለጥፋለን ብለን ተነሳን። ስንመለስ የትኛው ክምር የቱ እንደሆነ እናውቃለን አልን። አላወቅንም እኮ! በሳምንቱ አንድ የልብ ሕመም ያለባቸው እናት እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው መጡ፣ "ልጄ ይሄ ኪኒን ሽንቴን አላመጣልኝም" አሉኝ፣ ፖስታውን ስከፍት ፕሬድኒሶሎን ነው። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ጭራሽ ውኃ የሚይዝ ነገር ነው። እኔው ይዣቸው ሆስፒታል ሄድኩ፣ ተረፉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከዚያ ያሸግነውን በሙሉ ከሽያጭ አወጣሁት። ቆርቆሮዎቹን ጥለናቸው ስለነበር ባቹን እንኳ ማረጋገጥ አልቻልኩም፣ ስለዚህ የመጨረሻው ፖስታ ተሸጦ እስኪያልቅ ቆርቆሮው ከእጅሽ አይውጣ። የማይሸጥ መድኃኒት እንደ ቆሻሻ አይጣልም፣ ተቆጣጣሪ ባለበት በቃለ ጉባኤ ነው የሚወገደው፣ እኔም በወጉ ላስወግድ ብዬ የሚመለከተው ቢሮ ሄጄ አራት ወር ነገ ና ከነገ ወዲያ ና ተባልኩ። አንዷ ኃላፊ ቀና ብላ ሳታየኝ "አንተ ያበላሸኸውን እኛ እንጥረግልህ?" አለችኝ። ጥፋቴን ራሴ ተናግሬ የመጣሁ ሰው ነበርኩ፣ ያቺ ንግግር እስካሁን ታቃጥለኛለች። ደብዳቤሽን መዝገብ ቤት አስገብተሽ ቁጥር ተቀበይ፣ በቃል ብቻ አትመላለሺ።

3. ሚዛን። የኩሽና ሚዛን ገዝተሽ እንዳትቀምሚ፣ 2 ፐርሰንት ቅባት 20 ግራም ስትሠሪ የሚገባው 0.4 ግራም ነው፣ በ1 ግራም የሚቆጥር ሚዛን ይሄን ዜሮ ነው የሚልሽ። ቢያንስ 0.01 የሚያነብ ይሁን፣ በየጊዜውም አስፈትሺው። ዱቄቱን በደንብ ፈጭተሽ በትንሽ ፈሳሽ ፓራፊን አልሚው፣ ከዚያ ቫዝሊኑን መጀመሪያ የዱቄቱን ያህል፣ ቀጥሎ የድብልቁን ያህል እያልሽ እጥፍ በእጥፍ ጨምሪ፣ አንዴ ከገለበጥሽው አንዱ ቦታ ቆዳ ያቃጥላል ሌላው ቦታ ባዶ ቫዝሊን ነው። የኔን ቅባት በጣትሽ ብታሺው አንድ ቅንጣት አይሻክርሽም፣ በዚህ እኮራለሁ።

የቅባቱን ኤክስፓየሪ ቀን ደግሞ ከቫዝሊኑ ዕቃ ላይ አትገልብጪ። አሜሪካኖቹ ዩኤስፒ 795 በሚባለው የመድኃኒት ቅመማ ደንባቸው ላይ ያስቀመጡትን ነው የምከተለው፣ ውኃ የሌለው ቅባት ቢበዛ 180 ቀን፣ ውኃ ኖሮት ማቆያ (እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ነገር) የገባበት 35፣ ማቆያ የሌለው ፍሪጅ ውስጥ 14። ወደ ማሸጉ ስንመለስ፣ ከምላስ ሥር የሚደረገውን የልብ መድኃኒት ናይትሮግሊሰሪን ቀድመሽ ለማሸግ ጭራሽ አትንኪው፣ ከራሱ ጠርሙስ ከወጣ ኃይሉ ይተናል። ፉሮሴማይድም ብርሃን ስለማይወድ ብርሃን በሚያሳልፍ ፌስታል ሾኬዝ ላይ አይቀመጥም።

እናትየው አሁንም እኔ ጋ ነው የሚገዙት። ፖስታውን ሲቀበሉ አንድ ፍሬ አውጥተው መዳፋቸው ላይ ያሳዩኛል፣ እኔም ቆርቆሮውን አምጥቼ አብረን እናስተያያለን።