ጆን ከየት መጣ?

ባለፈው እሁድ የአዳማ ሙቀት ትንሽ በረድ ሲል ሰፈራችን ጀበና ቡና ጋ ቁጭ ብዬ ሁለት ጎረምሶች በተርሚኔተር ፊልም ሲነታረኩ ሰማሁ፤ ማሽኖች በሰው ልጅ ላይ ጦርነት የሚያነሱበት፣ ጆን ኮነር የሚባል ሰው ደግሞ ሰዎቹን የሚመራበት ፊልም ነው። አንደኛው ዞር አለና «ጋሼ፣ እርስዎ ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር አይደል? ጦርነቱ ከቀረ ጆን ኮነር ከየት መጣ?» አለኝ። ቡናው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ይህችን ጥያቄ ከዚህ በፊት ተጠይቄያታለሁ።

በእኛ አቆጣጠር 1988 ነው። ከተማዋን ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። ጀማሪ አስተማሪ ነኝ፤ በዚያ ሙቀት ከረባት አስሬ ነው ክፍል የምገባው! ተማሪዎቼ ማታ ማታ ቪዲዮ ቤት ይሄዳሉ። መስኮቱ በጨርቅ የተጋረደ ጠባብ ክፍል ነው፤ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው፣ ላባቸው እየተንጠባጠበ ያያሉ። እኔም አያለሁ፣ ግን ከኋላ፣ ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ።

አንድ ቀን አንስታይን በፈረንጆች 1905 ያወጣውን እያስተማርኩ ነበር፤ በጣም የሚፈጥን ሰው ሰዓቱ ይዘገያል የሚለውን። አንድ ቀጭን ልጅ ተነሳ። «ቲቸር፣ በጊዜ ወደ ፊት መሄድስ ይሁን፤ ወደ ኋላስ? በመጀመሪያው ፊልም ጆን ወታደሩን ካይል ሪስን ከ2029 ወደ 1984 ይልከዋል፤ ካይል ሄዶ ነው ጆንን የወለደው። በሁለተኛው ግን ጦርነቱ እንዳይነሳ ማሽኖቹ የሚሠሩበትን ቺፕ የቀለጠ ብረት ውስጥ ጣሉት። ጦርነት ከሌለ ካይልን ማን ይልከዋል? ካልተላከስ ጆን ከየት ይመጣል?» ደብተሩን ወደ እኔ ገልብጦ የሣለውን ክብ አሳየኝ።

አንዱ ቀልደኛ «ለማንኛውም በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ 23 ሁላችንም እናልቃለን» አለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፊልሙ ውስጥ የጥፋቱ ቀን ኦገስት 29፣ 1997 ነው፤ ወደ እኛ ዘመን ቀይረውት ነበር። የቤት ሥራ ስሰጣቸው እንደዚያ አያሰሉም።

መልሱን አላውቀውም። «አላውቅም» ማለት ግን አፌ እምቢ አለ። «ቪዲዮ ቤት እያመሸህ እዚህ ትፈላሰፍብኛለህ? ውጣ!» አልኩት። ደብተሩንም ቀማሁት። ወጣ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም፤ እጁን ሲያወጣም አላየሁት።

አጥኑ፣ ገንዘብ ቆጥቡ የሚለውን ወላጆቻችሁ ይነግሯችኋል። እኔ የምላችሁ፣ ካላወቃችሁ አላውቅም በሉ፤ በተለይ አስተማሪ ወይም አለቃ የምትሆኑ። ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቴሌግራም ላይ በፊልም አትጨቃጨቁ። ግማሻችሁ እኮ ፊልሙን አላያችሁትም፤ ቲክቶክ ላይ በሦስት ደቂቃ ተተርኮላችሁ ነው የምትሰዳደቡት። እኛ ቢያንስ ከፍለን፣ ላባችንን አፍስሰን ነው ያየነው።

ግን እስቲ አስቡት። የመጀመሪያው ፊልም ሎጂክ አይፈርስም፤ ካይል መጣና የሆነው ሁሉ ድሮም የሆነው ነው፣ ምንም አልተለወጠም። ሁለተኛው ነው ደንቡን የጣሰው። ጆን የመጣው ከሌላ የጊዜ መስመር ነው ካላችሁ ያስኬዳል፤ ያኔ ግን ላኪው የራሱን ዓለም አላዳነም ማለት ነው። በፈረንጆች የ2003ቱ ሦስተኛ ፊልም ጥፋቱ ዘገየ እንጂ አልቀረም ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ። ሽሽት ነው! የ2019ኙ ደግሞ ሦስተኛውን ጨርሶ እንዳልነበረ ቆጠረው። ያ ልጅ ገና በሁለተኛው ነቅቶባቸው ነበር። አትጨቃጨቁ ብዬ እኔው ጀመርኩት፣ ይቅርታ።

ደብተሩ አሁንም እኔ ጋ ነው። ክቡን በእርሳስ ነው የሣለው፤ ጎኑ ላይ «መነሻው የቱ ጋ ነው?» ብሎ ጽፎበታል። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ስንት ጊዜ ገልጬዋለሁ። ምንም አልጻፍኩበትም።